አንዴ የሚናገረው ሻምበል

ጥቅምት 8

ለምወድሽ ባለቤቴ፣

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝሽ። ከደረስኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ አለመጻፌ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። እዚህ ስልኩ ለአሥራ አራት መኮንን አንድ ነው፤ እሁድ እሁድ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ መስመሩ እምቢ ይላል። ብዕር ለማንሳት መስመር አያስፈልግም ትዪኛለሽ፤ ልክ ነሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ክፍልህን ንገረኝ ላልሽው፦ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ወደ ሰልፍ ሜዳው የሚያይ አንድ መስኮት። አብሮኝ የሚኖረው ከሩቅ አገር የመጣ ሻለቃ ነው። አልጋው ለቁመቱ አልበቃ ብሎት ከእግሩ በኩል ወንበር ቀጥሎ ይተኛል። ስሙ ምላሴን ስላስቸገረው ‹‹ረጅሙ›› ብዬዋለሁ። እሱም የእኔን አልቻለውም፤ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ግን ገና አልደረስኩበትም።

የአመራርና የተግባቦት ኮርስ ሲሉኝ ንግግር የሚያስተምሩን መስሎኝ ነበር። እስካሁን የተማርነው መስማት ብቻ ነው። አስተማሪያችን ኮሎኔል ናት፤ አጭር፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት። የምትለውን ለመስማት አሥራ አራታችንም ወደፊት ጎንበስ እንላለን። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ሁለት አድርጋ ጀርባ ለጀርባ አስቀመጠችን። እኔ ሥዕል ይዣለሁ፤ ቤት፣ ዛፍና ድልድይ ያለበት። ረጅሙ ባዶ ወረቀት ይዟል። እኔ በቃል እነግረዋለሁ፣ እሱ ይስላል። በሁለት ደቂቃ ጨርሼ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ ሌሎቹ ገና ይጨቃጨቃሉ። ወረቀቱ ሲገለጥ የረጅሙ ድልድይ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ኮሎኔሏ ግን ‹‹ስንት ጊዜ ጠየቀህ?›› አለችኝ። ‹‹አንዴም አልጠየቀኝም›› አልኳት። ‹‹ለምን ይመስልሃል?›› ብላ መልሴን ሳትጠብቅ ወደሌላው አለፈች።

ስለ አባባ ጉዳይ የጻፍሽልኝን አንብቤዋለሁ። ከዚህ ሆኖ ለመምሪያው መጻፍ አይመችም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአካል ሲሆን ነው። ሲመለስ ያየዋል በያቸው። ለእማማም ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ያንቺው

---

ጥቅምት 29

ለሻምበል አንዴ፣

ወታደሮችህ ባወጡልህ ስም ብጠራህ እንደማትቆጣ አውቃለሁ፤ ትወደዋለህና። ‹‹እኔ የምናገረው አንዴ ነው›› ስትል ደረትህ ይነፋል። ቤት ስትሆን ግን ‹‹ካልሲዬ የት ነው?››ን እንኳ ሦስቴ ነው የምትለው።

ስትሄድ የነበረብኝ ሳል ትቶኛል። የጣሪያውንም ፍሳሽ አስደፍኛለሁ። አሁን ተረኛ ነኝ፤ ክፍሉ ጸጥ ስላለ መድኃኒት መደርደሪያው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

የሥዕሉን ነገር ለነርሶቹ ነግሬያቸው ሲስቁ ዋሉ። አንዷ ‹‹እኛ ይህን ያለ ኮርስ እንሠራዋለን›› አለች፤ እውነቷን ነው። ሐኪሙ በስልክ መድኃኒት ሲያዝ እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትን መልሼ አነብለታለሁ፤ ‹‹አዎ›› ካላለኝ መርፌ አላነሳም። ቢቸኩልም ቢቆጣም። አንዱ አምና ‹‹ደንቆሮ ነሽ እንዴ?›› ብሎኝ ነበር። ‹‹አዎ፣ ደንቆሮ ነኝ፤ ይድገሙልኝ›› አልኩት። በሽተኛው ይኸው በእግሩ ይሄዳል። እናንተ ጋ እንዲህ አይደረግም እንዴ?

አባባን ‹‹ሲመለስ ያየዋል›› አልኳቸው። ‹‹እሺ›› ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንተ እዚያ ሆነህ አራት ወር አጭር ይመስልሃል። ነሐሴ ላይ በጎርፉ ሳምንት ሦስት ወታደር ሞተ። የሁለቱ ስም ካምፑ በር ላይ ባለው የክብር ሰሌዳ ተቀርጿል። የወንድሜ የለም፤ ሪፖርቱ ‹‹የተሰጠውን ትዕዛዝ ጥሶ ወደ ወንዙ ገባ›› ይላል። አባባ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በየጠዋቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደው ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ይቀመጡ እንደነበር ታውቃለህ። አሁን ከበር አይወጡም። ‹‹ሠላሳ ዓመት ስነዳ ቀይ መብራት ጥሼ አላውቅም። ልጅህ ትዕዛዝ ጥሶ ሞተ ሲሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?›› ይላሉ።

እማዬ ታለቅሳለች ወይ ትለኝ ይሆናል። አታለቅስም። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ ስፌቷን ታነሳለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‹‹ያ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ እምቢ ብሎ አያውቅም። ጫማ ጠቦት ተረከዙ ሲላጥ እንኳ ‘እሺ፣ እለምደዋለሁ’ ያለ ልጅ እዚያ ወንዝ ላይ ደርሶ እምቢ አለ?›› እኔ እዚያ አልነበርኩም። አንተ ነበርክ፤ ንገረኝና ልንገራት።

ሚስትህ

---

ኅዳር 16

ለምወድሽ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሹራቡም ደርሶኛል፤ እጁ ትንሽ ቢረዝምም ብርዱ ስለጠና አላማርርም።

በዚህ ሳምንት ‹‹የአንድ ሰዓት ዝምታ›› የሚሉት ልምምድ ነበር። አለቃ የሆነው ሰው አንድ ሰዓት አፉን አይከፍትም፤ ሥራውን ግን ያሠራል። ዕጣው ለእኔ ወጣ፤ ሥራው ትልቅ ድንኳን መትከል ነበር። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ምላሴን ልውጠው ደርሼ ነበር። አንዱ ካስማውን ገልብጦ ይመታል፣ ሌላው ገመዱን እግሩ ላይ ይጠመጥማል። ከዚያ እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመሩ። ‹‹ይህ ለምንድን ነው? እንዲህ ነው ያልከኝ?›› እየተባባሉ አቆሙት፤ ከእኔ ትዕዛዝ የተሻለ ቆመ። ረጅሙ ትከሻዬን መታ አድርጎ ‹‹ዛሬ ጥሩ አለቃ ነበርክ፤ ስላልነበርክ›› አለኝ። ቀልዱን ነው። ምሳዬን ግን ሳልበላ ወጣሁ።

ስለ ሆስፒታላችሁ አሠራር ለጠየቅሽኝ፣ ጦር ሠራዊትና የበሽተኛ ክፍል አንድ አይደሉም።

ስለ ሪፖርቱ፦ እዚያ ላይ የሰፈረው ቃል ሁሉ እውነት ነው። ባለህበት ቆይ ብዬዋለሁ። ገብቷል። ለእማማ ከዚህ ሌላ ምን ብለሽ እንደምትነግሪያቸው አላውቅም። ሁላችንም ተጎድተናል፤ እኔም ሰው ነኝ። በዚህ ነገር አታድርቂኝ፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ያንቺው

---

ታኅሣሥ 2

በወንድሜ ላይ የውሃ ተረት አትተርትብኝ።

ማክሰኞ ዕለት ሾፌሩ ወደ ክፍላችን መጣ። ያን ቀን ወንድሜን ይዞ መኪናውን ወደ ወንዙ የነዳውና ብቻውን ዋኝቶ የወጣው ሾፌር። ጉልበቱ አልድንለት ብሏል። ካርዱን ሳነሳ ማን እንደሆንኩ አወቀኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቁስሉን እያጠብኩለት ምንም አልጠየቅሁትም፤ እሱ ራሱ ነው የጀመረው። ‹‹አሥር አለቃው፣ ወንድምዎ፣ ውሃው ዳር ሆኖ ሬድዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ›› አለኝ። ‹‹ምን ይል ነበር?›› አልኩት። ‹‹ሻምበሉን ይጠይቁ፣ እህቴ›› አለና መድኃኒቱን እንኳ ሳይቀበል እያነከሰ ወጣ።

ይኸው እየጠየቅሁህ ነው። ትዕዛዝ ለመጣስ የፈለገ ሰው ሬድዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ አይቆይም። ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ የሚቆየው ያልተሰማው ሰው ነው። ልጁን አንተ ጋ እንዲመደብ የለመንኩህ እኔ ነኝ። ‹‹ከአንተ ጋር ከሆነ እንቅልፍ እተኛለሁ›› ብዬህ ነበር።

ወንድሜ ጠይቆህ ነበር ወይስ አልጠየቀህም? ስለ ብርዱና ስለ ድንኳኑ አትጻፍልኝ።

---

ታኅሣሥ 19

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ትንሽ ቀን ስጪኝ። እባክሽ።

---

ጥር 4

ለባለቤቴ፣

ጠይቆኝ ነበር። ሁለት ጊዜ።

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። አሁን እንደገና ጀመርኩ፤ የጠየቅሽኝ ‹‹አዎ›› ወይም ‹‹አይደለም›› ብቻ ቢሆንም የቀረውንም ማወቅ አለብሽ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ኮረብታው ላይ ከመምሪያ ከመጡ መኮንኖች ጋር ቆሜአለሁ። እሱ ታች ከመኪናው ጋር ነው። ማዶ ሰዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው ይጣራሉ። በሬድዮ ‹‹ባለህበት ቆይ፤ ገመዱ ማዶ ሳይታሰር እንዳትገባ›› አልኩት። ሬድዮው ይንጫጫ ነበር። ‹‹አልተሰማኝም፣ ይደገምልኝ›› አለ። ‹‹አንዴ ተናግሬአለሁ›› አልኩት። በክፍሌ ያወጣሁትን ደንብ አጫውቶሽ ይሆናል፤ ትዕዛዝ የሚያስደግም ወታደር በሰልፍ ፊት ይቀጣል። ደንቡን ያወጣሁት ጆሯቸው እንዲነቃ ብዬ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ‹‹ይቅርታ ጌታዬ፣ ግማሹ ነው የተሰማኝ›› አለ። መኮንኖቹ አጠገቤ ናቸው፤ የሚስቴ ወንድም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብደግምለት ለዘመዱ ይለሳለሳል የሚሉኝ መሰለኝ። ‹‹ገባህ ወይስ አልገባህም?›› ብዬ ጮህኩበት። ‹‹እሺ፣ ገባኝ›› አለ። ሰው እየተጣራ ሻምበሉ ሲቆጣ፣ ሂድ የተባለ መሰለው። ሄደ።

ማታውኑ ሪፖርቱን ጻፍኩ። ትዕዛዙን ጻፍኩ፣ መግባቱን ጻፍኩ። ይደገምልኝ ማለቱን አልጻፍኩም። ሾፌሩን ‹‹ያልተጠየቅኸውን አትናገር›› አልኩት። አንድ መስመር ነው የተውኩት። ባለፈው ‹‹የሰፈረው ቃል ሁሉ እውነት ነው›› ብዬሽ ነበር፤ በእሱ ተደብቄ ነው ከአራት ወር በላይ የኖርኩት።

እንዴት አሁን መጻፍ እንደቻልኩ ልንገርሽ። ኮሎኔሏ እያንዳንዳችን ያልተሳካ ትዕዛዛችንን ቆመን እንድንናገር አዘዘችን። እኔ ‹‹የማውቀው አንድ ሻምበል አለ›› ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ ‹‹ሻምበሉ ለልጁ ቤተሰብ ነግሯል?›› አለችኝ። ‹‹አልነገረም›› አልኩ። ‹‹ለምን?›› ‹‹ሚስቱ የልጁ እህት ናት።›› ረጅሙ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ሁሉም ገብቷቸዋል። እኔ ግን ‹‹እኔ ነኝ›› ማለት አቅቶኝ ተቀመጥኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ራሴን ጠላሁት።

ለመምሪያው የጻፍኩትን ማረሚያ ግልባጩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ዋናው ትናንት ሄዷል። ለአባባና ለእማማ አንቺ አንብቢላቸው፤ ሌላ ሰው እንዳያነብላቸው። ይቅር በይኝ ለማለት አፍራለሁ። ወንድምሽን ጎበዝ ወታደር ነበር ብዬሽ አላውቅም፤ ነበር።

ባልሽ

---

ጥር 21

ሰላምታ ልጽፍ ብዬ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ያለሰላምታ ይሁን።

ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ እነ እማዬ ዘንድ ሄድኩ። እማዬ የሰው መጋረጃ እየሰፋች ነበር። የስፌት መኪናዋን እንድታቆም ብነግራት ‹‹ጆሮዬ ሥራ አልያዘም፤ አንብቢ›› አለችኝ። አነበብኩ። ‹‹ይደገምልኝ አለ›› የምትለው ላይ ስደርስ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ‹‹ጠይቋል?›› አለች። ‹‹ሁለቴ ጠይቋል፣ እማዬ።›› ያኔ አለቀሰች። ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሮጥ ድረስ አለቀሰች። ‹‹ልጄ አላጠፋም! ልጄ ጠይቆ ነበር!›› ትላለች ለመጣው ሰው ሁሉ። ልጇ የሞተው ያን ቀን ነው የመሰለው።

አባባ ተነሱ። የሾፌርነት ካፖርታቸውን ለበሱና ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ለእያንዳንዱ ሲነግሩ ውለው መጡ። አንተን አልሰደቡህም። ‹‹ሾፌር ቢሆን ኖሮ መንጃ ፈቃዱን እነጥቀው ነበር›› ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ እራታቸውን በሉ፤ ከነሐሴ ወዲህ ሳህናቸውን ሲጨርሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የእኔን ንዴት ደግሞ ልንገርህ። ስህተት ሰው ይሠራል፤ ሥራ ቦታዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ግን ከነሐሴ እስክትሄድ ድረስ አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ ሳለቅስ ጀርባዬን እያሻሸህ ‹‹አይዞሽ፣ ምን ይደረጋል?›› ስትለኝ ታውቅ ነበር። አባቴ ግድግዳ ሲያዩ ሲውሉ አጠገባቸው ተቀምጠህ ጋዜጣ ታነብ ነበር። እኔን ሳታምነኝ አሥራ ሦስት ባዕዳንን አመንክ። ኮሎኔሏን አመሰግናታለሁ፤ ግን ቀናሁባት።

ስትመለስ በሩን እከፍትልህ እንደሆነ ገና አላወቅሁም። ቁርጡን ስደርስበት እጽፍልሃለሁ።

---

የካቲት 4

ለባለቤቴ፣

የጻፍሽው ሁሉ ይገባኛል። አንዱንም አልከራከርም።

መምሪያው መልሷል። ሪፖርቱ ተሰርዟል፤ ‹‹ትዕዛዙ በአግባቡ ስላልደረሰው በግዳጅ ላይ የተሰዋ›› ተብሎ ተስተካክሏል። ስሙ በዚህ ወር ሰሌዳው ላይ ይቀረጻል፤ ቀኑን ለአባባ ይነግሯቸዋል። ከሻምበል አዛዥነት ተነስቻለሁ። ከኮርሱ በኋላ ይጠብቀኝ የነበረው የሻለቃነት ሹመትም ቀርቷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤውን ሳነብ ቀለለኝ እንጂ አልከፋኝም። ለሾፌሩም ጽፌለታለሁ፤ ጉልበቱን ችላ እንዳይል ምከሪው።

ኮርሱ አርብ፣ የካቲት 20 ያበቃል። በተግባቦት ከአሥራ አራቱ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ይህን ለማን እንደምነግር አላውቅም፤ ረጅሙ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ሸሽቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24 እገባለሁ። የካምፑ እንግዳ ማረፊያ አልጋ አለው። ወዴት ልሂድ? የምትይኝን አደርጋለሁ።

ባልሽ

---

የካቲት 16

ለባለቤቴ፣

የወንድሜ ስም ቅዳሜ ጠዋት ተቀረጸ። ቀራጩ መሰላሉ ላይ ሆኖ አንድ ፊደል በጨረሰ ቁጥር ወደ አባባ ይዞራል፤ አባባ ከታች ሆነው ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ያሳልፉታል። ባልደረቦቻቸው አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሆነው መጥተዋል። እማዬ ከመሰላሉ ሁለት እርከን ወጥታ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ ነካች። ባልሽስ የሚሉኝ ነበሩ፤ ‹‹ኮርስ ላይ ነው›› አልኳቸው።

ስንመለስ እማዬ አውቶቡሱ ውስጥ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ‹‹አልገባኝም ብሎ መቆም ይችል ነበር እኮ። እንዲህ እሺ ባይ ያደረገው ማነው? እኔ ነኝ ይሆን?›› አለችኝ። ‹‹አንቺ አይደለሽም›› አልኳት። አንተን በሦስት ገጽ ከስሼ እኔ አንድ አረፍተ ነገር ለእናቴ መጨረስ አቃተኝ።

ሐምሌ ላይ ነው። ወንድሜ ክፍሌ ድረስ መጥቶ ነበር። ነርሶች ሻይ የምንጠጣበት ቦታ ተቀምጦ፣ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ፣ ‹‹ከሻምበሉ ጋር መሥራት ከብዶኛል። ይወደኛል፤ ግን ጠይቄው መረዳት አልችልም። ሌላ ክፍል ልዛወር፤ አንቺ ንገሪልኝ›› አለኝ። ለአንተ ሳልነግርህ ቀረሁ። እሱን ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? ‹‹ቤተሰብ አታሳፍር። ምንም ቢልህ እሺ በል፤ አትጠይቀው፤ እንዲህ ያለውን ነገር አይወድም›› አልኩት። ሐኪሙን ሳላስደግም መርፌ የማላነሳው እኔ። ‹‹እሺ›› ብሎኝ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ይህን ሰባት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። አንተን ሪፖርት ጻፍ የሚልህ ነበረ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ነገ ጠዋት ለእማዬ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ልጄ ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም።

ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አይደለም፤ እንዲህ አድርገህ እንዳታነበው። በሩን ልዘጋብህ ቆርጬ ነበር፤ የምዘጋበት ፊት አጣሁ። ወደ እንግዳ ማረፊያው አትሂድ። ማክሰኞ ተረኛ ነኝ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤት አለሁ።